በልኳ የተገኘ ጎማ

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም። ሰፈሩም ደንበኛውም «ጋሽ ልኩ» ነው የሚለው። ጎሚስታ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍና ሲነፋ የኖረ። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከገዛ አፉ ነው። ደንበኛ መጥቶ «እስቲ ይቺን ለጊዜው ግጠምልኝ» ሲለው ጎማውን አገላብጦ ያይና «ልኩ አይደለም» ይላል። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ቢያኮርፉት ያው ነው። «ልኩን አምጣና እገጥምልሃለሁ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።» ስንቱ ተሳድቦ ሄዷል መሰላችሁ! ከመንገዱ ማዶ ያገኘውን ሁሉ የሚገጥም ሌላ ጎሚስታ አለ፤ እዚያ ይሄዳሉ። ጋሽ ልኩ ደንታም አይሰጠው።

ግትር ነው እንዳትሉት፣ ምክንያት ነበረው። ገና ጎረምሳ ሳለ አንድ ሹፌር «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ለምኖት ልኩ ያልሆነ ጎማ ገጥሞለት ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት ቁልቁለት ላይ ጎማው ፈነዳና ሹፌሩ አንድ እግሩን አጣ። በኋላ በክራንች መጥቶ «ያንተ ጥፋት አይደለም» ብሎታል። ጋሽ ልኩ ይህን ቃል እስከ ዛሬ አላመነውም። «ለዛሬ ብቻ» የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ ጠላቱ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሷም በልክ ነው የምትኖረው፤ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ግን የሁለቱ ልክ ለየቅል ነው። እሷ ዘንድ ጠባቡ ይለቀቃል፣ ሰፊው ይሸበሸባል፣ ላጠረው ቅጥያ ይገባለታል። «ትንሽ ቢሰፋስ ምን አለበት? ሰው እኮ ከስቶም ወፍሮም ያድራል» ትላለች። ባሏን ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ገነት በር ላይ ደርሰህ በሩ ልኬ አይደለም ብለህ እንዳትመለስ!» እያለች ትስቅበታለች።

እንግዲህ ወደ መኪናዋ ልምጣ። ሁለቱ ሳይጋቡ እሱ አንዲት የድሮ የስፖርት መኪና ነበረችው። አረንጓዴ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ። የቀድሞ ባለቤቷ አጋጭቷት ተስፋ ሲቆርጥባት፣ እሱና ባልንጀራው መካኒኩ ሁለት ዓመት ለፍተው ነው ነፍስ የዘሩባት። መካኒኩን አጭርና ድፍን ያለ ስለሆነ ቡሎን ይሉታል፤ ጋራዡም ከጎማ ቤቱ ጋር በአንድ አጥር ነው። በዚያች መኪና ነው ጋሽ ልኩ ልብስ ሰፊዋን ሐይቁን ሊያሳያት የወሰዳት። መንገዱ ኩርባ በኩርባ ነው። በየኩርባው «ቀስ! ቀስ በል አንተ!» እያለች በሳቅ ትፈርሳለች፤ የአንገት ልብሷን ነፋስ ወሰደው፤ ሲመለሱ እጮኛሞች ነበሩ።

ተጋቡ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ሁለት ወንበር ላይ ደግሞ ሦስት ሰው አይቀመጥም። መኪናዋ ከግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ትይዩ በአራት ጉማጅ እንጨት ላይ ቆመች። «ልጅቷ ከፍ ስትል እናወርዳታለን» ተባባሉ። ልጅቷ ከፍ አለች፣ ተማረች፣ እሷው ራሷ አስተማሪ ሆነች። መኪናዋ አልወረደችም። ጋሽ ልኩ በየሳምንቱ ሞተሯን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ይወለውላታል፤ ጎማዎቿ ግን ቆመው ተሰነጣጠቁ። ሚስቱ ይህን እያየች «ቆሞ የሚያረጅ ሁለት ነገር ነው፤ ጎማና ባል» ትል ነበር።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ጀርባዬን ስትል፣ ስፌት ላይ ከማጎንበስ ነው ተባለ። መቀመጥ ሲያቅታት ወደ ሐኪም ወሰዷት፤ ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «ቤቷ ትሁን። የምትፈልገውን አድርጉላት» አለ። ልጅቷ ነገሩ ገባትና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዛ አለቀሰች። ጋሽ ልኩ «የምትፈልገውን አድርጉላት» የምትለውን ብቻ ይዞ ወጣ። ለምን እንደተባለች ሊያስብ አልፈለገም።

«ምን ትፈልጊያለሽ እሜቴ?» አላት ቤት ሲገቡ። ሲያቆላምጣት እሜቴ ነው የሚላት።

ወደ መስኮቱ ዞረች። «በዚያች መኪና ሐይቁን አሳየኝ። አንዴ ብቻ።»

«ይሄ ብቻ? ጎማ መግዛት ነው እኮ!» አለ ጎሚስታው፣ ደስ ብሎት እጁን እያፋተገ።

ጎማ መግዛት ነው እኮ! ወይ ጉድ። አርባ ዓመት ለሰው ጎማ ሲያገኝ የኖረ ሰው ለራሱ አጣ። የዚያች መኪና ቸርኬ አሥራ አምስት ኢንች ሆኖ ጎማዋ ቀጭን፣ ጎኑ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ የዛሬ መኪናዎች እንደዚያ ያለ ጫማ አይጫሙም። ሲቀጥል፣ ጎማው ጎን ላይ ከቁጥሩ ቀጥላ የምትጻፍ አንዲት ፊደል አለች፤ ጎማው ምን ያህል ፍጥነት እንደሚችል የምትናገር። ለቤት መኪና የምትበቃው ፊደል ለዚያች አትበቃትም። ጋሽ ልኩ ልኳን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ፣ የከተማውን ጎማ ቤት ሁሉ አዳረሰ።

ትልቁ ጎማ ነጋዴ ሰፋፊና ዝቅ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ ጎማዎች አወጣለት። «ይኸው የዘመኑ! መሬት ይዞ የማይለቅ!»

«ለሷ አይሆንም። ኩርባ ላይ ፓራፋንጎዋን ይፍቃል፣ መሪዋንም ያከብደዋል። እሷ በቀጭን ጎማ ትንሽ እንድትንሸራተትና ከነጂው ጋር እንድትነጋገር ሆና ነው የተሠራችው። በዚህ ካሰርካት ዲዳ ትሆናለች።»

«ጋሼ፣ መኪና ነው ወይስ ሴት ልጅ ነው የሚድሩት?» አለ ነጋዴው። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ጋሽ ልኩም አብሮ ሳቀና ወጣ።

ቀጥሎ ቡሎን እየሮጠ መጣ። ከአንድ አሮጌ መጋዘን አራት ጎማ አግኝቷል፤ በልኳ፣ ፊደሏም ሳይቀር፣ መንገድ ረግጠው የማያውቁ፣ ጥርሳቸው ሙሉ። ጋሽ ልኩ ሊስመው ቃጣው። ከዚያ ጎማውን አዞረና በጎኑ ያለችውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ፈለገ። የፊተኞቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ነው የሚናገሩት። ቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። የአውራ ጣቱን ጥፍር ላስቲኩ ላይ ተከለ፤ አልገባም።

«ደርቋል» አለ። «ጥርሱ የወጣት ነው፣ ዕድሜው የሽማግሌ።»

«ኧረ አንተ ሰው! ለአንድ ቀን እኮ ነው! በዝግታ ነድተህ ትመለሳለህ።»

«ለዛሬ ብቻ ልትለኝ ነው?» አለ ጋሽ ልኩ፤ ቡሎንም የክራንቹን ሰውዬ ያውቅ ነበርና ጎማውን እያንከባለለ መልሶ ወሰደው።

የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ባሕር ማዶ የድሮውን ቅርጽ ይዞ ለአሮጌ መኪናዎች ብቻ ጎማ የሚሠራ ፋብሪካ አለ። ልጅቷ በስልኳ ጻፈችላቸው፣ መለሱ። በልኳ አለ፤ የዘንድሮ ሥራ ነው፤ እስኪደርስ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ጋሽ ልኩ እንደ ሠርግ ቀን ቆጠረው።

በዚያ መሐል ቤት ውስጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበር። ሕመሙ ሲጨልም ይብስባታል፤ የምታርፈው ቢቀናት ጠዋት ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ አጠገቧ ትውላለች፣ አባትየው ከሱቁ ይደውላል። ሰላምታ የለ፣ እንደምን አረፈዳችሁ የለ፤ «አረፈች?» ነው የሚለው። ልጅቷም ወይ «ትንሽ አረፍ አለች»፣ ወይ «አላረፈችም አባዬ» ትለዋለች። ቀኑ የሚበራለትም የሚጨልምበትም በዚያች በአንዲት ቃል ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጅቷ «እማዬ፣ ለምን በታክሲ አንወስድሽም?» አለቻት።

«ሐይቁ ሰበብ ነው ልጄ» አለች እናትየው። «እኔ አባትሽ ጎን መቀመጥ ነው ያማረኝ።»

የዚያኑ ዕለት ባሏ ሻይ ይዞላት ሲገባ እጁን ያዘችው። «ስማኝማ፤ ያንን የመጋዘኑን ጎማ ግጠመውና ቀስ ብለን እንሂድ።»

«አንቺን ይዤ ገደል ልግባ? ጎማው ይመጣል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ በሰው ትከሻ ልሄድ ነው» አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «እሺ፣ መሄዱ ይቅር። እዚሁ ግቢ ውስጥ እንቀመጥባት። ደግፈህ ታወርደኛለህ፤ ትንሽ ቁጭ እንበል።»

«እንጨት ላይ በቆመች መኪና? ሁለት ሽማግሎች እንደ ሕፃን ቡም ቡም እያልን? ሰው ምን ይለናል!» አላት። «ሦስት ሳምንት ነው የቀረው እሜቴ። ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ሐይቁማ የት ይሄዳል! እኔን ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከአልጋዋ እስከ መኪናዋ ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። ያን ጊዜ ገና ተደግፋ ትቆማለች፤ አንስቶ ቢያስቀምጣት ምን ነበረበት? እሱ ግን ልኩን ሊያደርግላት ነበር የፈለገው፤ ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ለመናደድም ይመች ነበር።

እሷ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። ትራስ ተደግፋ በእጇ አንድ ነገር መስፋት ጀመረች፤ ባሏ ሲገባ ከብርድ ልብሱ ሥር ታደርገዋለች። እሱም የስፌት ነገር ነው ብሎ አልጠየቃት።

በአምስተኛው ሳምንት መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ፍሬኗ እንዲታይ ቡሎን ጋራዥ ገባች። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ስትወጣ አየቻት። ስድስተኛው ሳምንት አለፈ፤ ጎማው ወደብ ላይ ነው ተባለ። ሰባተኛውም አለፈ። ጋሽ ልኩ በየቀኑ ይደውላል፣ ይለምናል፣ ይቆጣል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ራሱ አጣዳፊ ደንበኛ ሆነ። እሷ ምግብ ተወች። ሜትሯን ከአንገቷ ያወለቀችው በዚያ ሰሞን ነው፤ «ከብዶኝ ነው» አለች።

በስምንተኛው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ አራቱ ጎማዎች መጡ። ጋሽ ልኩ አንዱን ፈትቶ አሸተተው። ጥፍሩን ሲተክል ላስቲኩ እንደ ሥጋ ገባለት። ቁጥሩ ልክ፣ ፊደሏ ልክ፣ ዕድሜው የዘንድሮ። አዲስ ጎማ ፊቱ ላይ ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉር አለው፤ ጥቂት ሲነዳ ይረግፋል። ያንን በመዳፉ እየዳሰሰ «ቡሎን! ሙሽራ ናቸው!» አለ። አራቱን በገዛ እጁ ቸርኬው ላይ አስገባ፣ ነፋ፣ አመዛዘነ። መፍቻውን ለቡሎን እንኳን አልሰጠም። ነገ ጠዋት ገና ፀሐይ ሳይከር ይሄዳሉ፤ መኪናዋ ለስላሳ ናት፤ እሱም በዝግታ ይነዳል። ሁሉንም አስቦ ጨርሷል።

በጋራዥ ሕግ መኪና ከክሪክ ስትወርድ፣ ጎማዋ መሬት ሲነካ ይጮሃል፤ እጅ እግሩን ከሥር የረሳ ካለ እንዲሰበስብ። ቡሎን ክሪኩን ቀስ እያለ ለቀቀው። መኪናዋ ከስንት ዓመት በኋላ በራሷ እግር ቆመች።

«አረፈች!» ብሎ ጮኸ ቡሎን፤ ሁለቱ ሽማግሎች እጅ ለእጅ ተመታቱ።

ስልኩ የጠራው ያኔ ነው። ልጅቷ ናት። ጋሽ ልኩ በጥቁር እጁ አነሳውና እንደ ልማዱ፣ «አቤት ልጄ፤ አረፈች?» አላት።

 «አዎ አባዬ» አለች፤ «አረፈች።»

«እሰይ! ተመስገን!» አለ፤ ፊቱ በራ። «ስንት ቀኗ ነው ዓይኗን ሳትከድን! በይ እንዳትቀሰቅሷት። መጋረጃውን ዝጊላት፣ ስልክሽንም ድምፁን አጥፊው። ስትነሳ ጎማው ገባ በያት። ነገ ጠዋት እንሄዳለን በያት።»

«አባዬ…»

«ቀስ ብለሽ አውሪ እንጂ፣ ትሰማሻለች!»

 ልጅቷ፣ «አባዬ፣ እባክህ ለጋሽ ቡሎን ስጠው» አለችው።

«ካንተ ጋር ልታወራ ነው፤ እናትየው አረፈች» እያለ ስልኩን ፈገግ ብሎ ሰጠው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ቡሎን ቃሉን እንደሰማ ገብቶታል። አዳመጠ። «እሺ ልጄ፣ እሺ የኔ ልጅ» ብቻ አለ። ከዚያ የባልንጀራውን ትከሻ ያዘ፤ የዚያ የድፍን ሰውዬ አገጭ ሲንቀጠቀጥ ጋሽ ልኩ አየው።

«ምንድን ነው? አረፈች አለችኝ እኮ» አለ ጋሽ ልኩ። «እንቅልፍ ወሰዳት እኮ ነው ያለችኝ።» ይህን ሦስት ጊዜ አለው። በሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሌሎች መኪናዎች ሁሉ ወይ ሞተራቸው ወርዷል፣ ወይ እግራቸው ተፈቷል። ልትንቀሳቀስ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። ቡሎን በሩን ከፈተለት፤ እሱ ራሱ ግን ጎኑ ካለው ወንበር ሊቀመጥ አልደፈረም። «አንተ ሂድ። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ» አለው።

ነዳት። ጎማዎቹ ልክ ነበሩ። መናገሩ ቢያምም ልክ ነበሩ፤ መሪው ቀለለ፣ መንገዱ እስከ መዳፉ ድረስ ተሰማው፤ በየመታጠፊያው መኪናዋ ልክ እንደ ድሮዋ ትንሽ ተንሸራታ ትመለሳለች። እጁ ሳይጠይቀው ደስ አለው። እጁን ጠላው። እያለቀሰ፣ እንባው መንገዱን እየሸፈነበት፣ ጎኑ ያለው ባዶ ወንበር ላይ እንዳያይ አንገቱን አቅንቶ ቤቱ ደረሰ።

መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። እሱ ዝጊላት ስላላት የተዘጋ መስሎት ልብ አላለም፤ ለካ ልጅቷ ከመደወሏ በፊት ነው የዘጋችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ የልብስ ሰፊዋን እጅ ያዘ፤ ጣቷ ላይ የመርፌው ምልክት አለ። «እሜቴ፣ ጎማው መጣ እኮ» አላት። «ልኩን ነው ያገኘሁልሽ። አትቀስቅሷት አልኩ እኮ እኔ… ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብሎ ደረቱን ደቃ። ልጁ ስታቅፈው እንደ ሕፃን ነበር የሚንሰቀሰቀው።

ተቀበረች። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ አጽናና፣ ሄደ። መኪናዋን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልነካትም፤ መስኮቱ ትይዩ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። የጎማዎቹ ፀጉር እንኳን ገና ረግፎ አላለቀም። ቡሎን መጥቶ «እንጨት ላይ ልስቀላት?» ቢለው ራሱን ነቀነቀ።

አንድ ከሰዓት ልጅቷ የእናቷን አልጋ ስታነሳ ያገኘችውን ይዛ ወጣች። የወንበር ትራስ ነው፤ ከደንበኛ ልብስ ከተረፈ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ በእጅ የተሰፋ። «ያ ወንበር ዝቅ ያለ ነው፤ አጥንቴን ያመኛል ብላ ነው የሰፋችው» አለችው። «ወርጄ ልለካልሽ ብላት፣ ተይ፣ አባትሽ ያይሻል አለችኝ። ከዚህ ሆና በመስኮት በዓይኗ ነው የለካችው።»

ጋሽ ልኩ ትራሱን ተቀበለ። አገላበጠው፤ ስፌቱ መጀመሪያው ላይ ደቃቅና የተካከለ ነው፣ ወደ መጨረሻው እየረዘመና እየተጣመመ ይሄዳል። መኪናዋ ዘንድ ሄዶ በሩን ከፈተና በእሷ ወንበር ላይ አስቀመጠው። አልገባም። ሁለት ጣት ያህል ይሰፋል።

ልጅቷ አባቷን ታውቀዋለችና፣ «አምጣው አባዬ፣ ላጥብበው» አለችው።

«ተይው» አለ። ጠርዙን በጣቱ እየገፋ፣ እያጠፈ፣ እየተጫነ አስገባው፤ አንዱ ጎኑ ተጣሞ ቀረ። እንደዚያው ተወው። ዞሮ በመሪው በኩል ገባና በሩን ዘጋ። ቁልፉን ከኪሱ አላወጣም፤ እጁን ትራሱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ማየት ጀመረ።

ልጅቷ ወደ በሩ ተጠጋች። «ልትሄድ ነው እንዴ አባዬ?» አለችው።

«አይ ልጄ» አለ፤ «ቁጭ ብለን ነው።»